አርባዎቹ ፍየሎችና የአያ ጓንጉል መጽሐፍ

ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ዝጋና ግባ፤ ብርድ ይገባል፣ ሌላም ነገር ይገባል።

ሰዓቱ ስንት ነበር? ሌሊት ልትሉኝ ነው። ሌሊትማ ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚሄደው። ቀትር ነበር። ውሻ እንኳ የማይጮኽበት፣ ድርቅ ያለ ቀትር።

አገሩን አትጠይቁኝ፤ በእግር አይደረስም። እዚያ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። ቤት አልኩት እንጂ ራሱ አገር ነው። ከሀ መደርደሪያ እስከ ፐ መደርደሪያ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ሰው ስንቅ ቋጥሮ ይገባል፣ መሐል ላይ ወንዝ ይሻገራል፣ ክረምት ሲሆን ጣሪያው ስር ደመና ይቆማል።

በዚያ አገር ሰው ሲቀበር ስሙ ራሱ ከጻፈው መጽሐፍ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠራል። መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ የሌለውስ? ዝም ተብሎ አፈር ይለብሳል። አያ ጓንጉል የሚባል ሰው ይህን ፈራ። አሥራ አንድ ዓመት ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ፍየል እየገዛ፣ ቆዳ እየወጠረ፣ እየፋቀ፣ አርባ ቅጠል ብራና ጻፈ። ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ዝምታ ጥቅም። አርባ ቅጠል ሙሉ!

ልማዱ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊ መጽሐፉን ራሱ ተሸክሞ ይገባል፣ ከፊቱ ግን አንድ ሰው የፍየል ቃጭል እያንቃጨለ ይሄዳል። ለምን? አያ ጓንጉልም ይህንኑ ጠየቀ። የበሩ ቁልፍ ያዥ እትዬ አትጠገብ፣ አባቶቻችን ያደረጉት ነው፣ ደግሞም ቀትር ነው፣ ብቻህን አትግባ አለችው። እሱ ግን ጣሪያ ባለው መንገድ ጅብ የለ፣ ሽፍታ የለ፣ ስለ ዝምታ የተጻፈ መጽሐፍ በቃጭል አይሸኝም ብሎ ብቻውን ገባ።

ሄደ። ሄደ። ግራው መደርደሪያ፣ ቀኙ መደርደሪያ። ከኋላው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ዞረ፤ ማንም የለም። ሄደ። አሁን ደግሞ ጠረን መጣ። የምን ጠረን? የፍየል። መጽሐፉን አጥብቆ ያዘና ሄደ። ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጢም ብቅ አለ። ከጢሙ ኋላ ቀንድ። ከቀንዱ ኋላስ? ምንም። ብርድ ብቻ።

«ቃጭሉ የታል?» አለች ፍየሊቱ። «ቃጭል ስንሰማ እረኛ አለ ብለን እንተኛለን። ዛሬ ግን ነቃን። በል ቆዳዬን መልስልኝ።»

አያ ጓንጉል ለምኖም አየ፤ መጽሐፉ ጥበብ እንደሆነ፣ ለትውልድ እንደሚተርፍ ነገራት።

«ጥበብህን አውቀዋለሁ፤ የተጻፈው ጀርባዬ ላይ ነው» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ስለ ዝምታ ስትለፈልፍብኝ ኖርክ።»

ምን ይበላት? አንዱን ቅጠል ገንጥሎ ሰጣት። ለበሰችው፤ ቆዳዋ ሞላ፣ ሆዷ ሞላ፣ እስክስታ እየመታች ሄደች። እፎይ አለ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ አንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል ይፈጃል? ቀና ሲል ሠላሳ ዘጠኝ ጢም ተሰልፏል። ደግሞ ሰልፍ አክባሪዎች ናቸው፤ አንዷ ልትቀድም ብትል ሌሎቹ በቀንድ መለሷት።

ሰጠ። ሰጠ። ሰጠ። መጨረሻ ላይ አንዲት ግልገል ቀረች። ቅጠሏ የመጀመሪያው ነው፤ ስሙ የተጻፈበት።

«ይቺን አልሰጥም» አለ። «ስሜ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። እሷን ከሰጠሁ ማን ይጠራኛል?»

ግልገሏ አልተከራከረችም። «ይበርደኛል» አለች።

አያ ጓንጉል አስታወሳት። ከገበያ ሲያመጣት መንገዱን ሙሉ መዳፉን ስትልስ ነበር። አለቀሰ። ከዚያ ተንበረከከና ቅጠሉን እንደ ጋቢ አድርጎ ራሱ አለበሳት።

እትዬ አትጠገብ ከበሩ ላይ ያየችውን ስትናገር ብዙ ሰው አላመናትም። ጀርባቸው ጽሑፍ የሆነ አርባ ፍየሎች ወጡ አለች። በኋላቸው አያ ጓንጉል የመጽሐፉን ሽፋን፣ ሁለቱን የእንጨት ገበታ፣ ታቅፎ ወጣ። እንጨት ቆዳ አይደለምና የጠየቀው የለም።

ዓመትም አልቆየ፣ ሞተ። ቀብሩ ላይ ስም ጠሪው መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ቢፈልግ የለም፤ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ዝም። መቼም ስለ ዝምታ የጻፈ ሰው ይህ ሊያንሰው ባልተገባ፤ እትዬ አትጠገብን ግን ሆዷን በላት። ልማዱን ጥሳ ጮክ ብላ ጠራችው።

«ጓንጉል!»

ከመቃብሩ አፋፍ ላይ «አቤት!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ዞር አሉ። ግልገሏ ናት፤ ስሙን ጀርባዋ ላይ ይዛ። እትዬ አትጠገብ ሁለተኛ ጠራች፤ ግልገሏ «አቤት!» ሦስተኛውን ለመጥራት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ጠሪውም ቀባሪውም አገር ለቆ ነበር። ሦስተኛውን የጠራችው ራሷ ግልገሏ ናት ይባላል።

እንግዲህ በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ። የግድ ከሆነባችሁ ቃጭል ያዙ።

አንተ ጥግ ላይ ያለኸው ግን፣ የተቀመጥክበት አጎዛ የማን ነው? ገዝቼው ነው አትበለኝ፤ የማን ነበር ነው የምልህ። አትነሣ። ዝም በልና አድምጥ። አሁን ከሥርህ «ይበርደኛል» ያለው ማን ነው?