ጎሕ ሳይቀድ የታጠበ አሸዋ

«ዐፊፋ፣ ተነሺ! ‹ትራብል› ማለት ምን ማለት ነው?»

የእንግሊዝኛ መምህርቷ የእስከዳር ድምፅ ከአሶሳ ተነሥቶ፣ ጉባ ደርሶ፣ ግድቡን ነክቶ የሚመለስ ድምፅ ነው። ዐፊፋ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሣች።

«መከራ… ችግር፣ ቲቸር።»

«ጎሽ! አመጣጡስ? ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ነው እንግሊዝ የገባው። መነሻው የደፈረሰ ውሃ ነው። ውሃ ደፈረሰ ሲባል ቆይቶ ልብም ደፈረሰ፣ ታወከ ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መከራ ሆኖ ቀረ።»

«እንግዲያው ትራብልን የፈጠረው የኦሊያድ አያት ነዋ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጣሪያው ላይ የነበሩ ወፎች ባምባሲ ሳይደርሱ አላረፉም።

«አቦ፣ ሙድ አትያዙብኝ!» አለ ኦሊያድ። አንገቱን ሲደፋ ግን ግንባሩ ደብተሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

በመንደራቸው ሴቶች የመጠጥ ውሃ ቀድተው ሳይጨርሱ ከብት የሚያጠጣም ሆነ ወርቅ የሚያጥብ ወደ ጅረቱ አይገባም። የገባ ይፈረድበትና እስከ ክረምት ድረስ ጅረቱን አይረግጥም። አሁን ግን ዐሥር ቀን ሙሉ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ሲወርዱ የሚያገኙት ሊጥ የመሰለ ውሃ ነው። ሕፃናት በተቅማጥ ወድቀዋል። ዳር ላይ የከብት ኮቴ ስለተገኘ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በኦሊያድ አያት፣ በአቶ ዲሳሳ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ዛሬ ከሰዓት ይፈርዱባቸዋል።

ያደፈረሰችው ግን የዐፊፋ እናት ነዕማ ናት። ነዕማና ዐፊፋ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወርቅ የምታጥበው እሷ ናት፤ ቀን ቀን ጅረቱ በወርቅ አጣቢ ስለሚጨናነቅ ግን፣ ከዐሥር ቀን ወዲህ ጎሕ ሳይቀድ ልጇን ቀስቅሳ፣ ከመቅጃው በላይ አሸዋ እየዛቀች በገበቴ ታጥባለች። ተራራ የሚያህል አሸዋ ታጥቦ የሚገኘው የትንኝ ዓይን የማታህል ወርቅ ናት። የዐፊፋ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በዚያች ነው።

ዐፊፋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ገበቴዋን ስትጠግን አገኘቻት።

«እማ፣ ዛሬ በአቶ ዲሳሳ ሊፈርዱ ነው።»

«ከብታቸው ብዙ ነው። ሌላ ወንዝ ይውሰዱት።»

«ሌላው ወንዝ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በዚህ በጋ መንገድ ላይ ያልቃሉ እኮ።»

«ይለቁ!» አለች ነዕማ፤ ዓይኗን ግን ከገበቴው አላነሣችም። «ወላሂ፣ ጅረቱን ከከለከሉኝ ትምህርትሽ እዚያው አለቀ። ሰው ቤት ገብተሽ ልብስ ታጥቢያለሽ። ደግሞስ ተናግረሽ ማን ሊያመሰግንሽ ነው? ኦሊያድ?»

ዐፊፋ ጎንበስ ብላ አየቻት። የእናቷ ጣቶች ከውሃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ልታቅፋት አሰበችና ተወችው፤ ካቀፈቻት ወደ ሽማግሌዎቹ መሄድ እንደማይሆንላት ታውቃለች።

ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ዲሳሳ እንደ ሌባ መሐል ቆመዋል፤ ኦሊያድ ከጎናቸው ነው።

«ደሞ እዚህም ልትስቂ መጣሽ?» አላት።

«አልሳቅሁም» አለችው። እውነት ነው፣ ክፍል ውስጥም አልሳቀችም። ግን ዝም ብላ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼህ ዓብዱልላጢፍ፣ አይተዋት እንድትቀርብ በእጃቸው ጠሯት። በዚያ ሸንጎ ሊናገር የመጣ ሁሉ፣ አገር ቢያውቀውም እንኳ፣ አስቀድሞ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ዐፊፋ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞራ አየች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«የነዕማ» አለች።