የታገሱኝ ይቅርታ

ታገሱኝ ምንጣፉ ላይ ሸንቶ ሲያበቃ እንደ ወትሮው ይቅርታ ጠየቀ።

«ጥፋተኛ ነኝ እትዬ። ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ አንገቱ ላይ የታሰረው ልሳን፣ በሕፃን ልጅ ድምፅ። ቡችላው ራሱ ግን ጆሮዎቹን አጣብቆ፣ ጅራቱን ሸጉጦ ሶፋው ሥር ገብቷል።

«በቃ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ትርሲት መወልወያዋን እያነሳች። ይቅር ስትለው በዚህ ሳምንት ብቻ አሥራ አንደኛዋ ነው።

ልሳን ከአውራ ጣት የማይበልጥ መሣሪያ ነው። አንገት ላይ ሆኖ የአንጎልን ሞገድ፣ የልብ ምትንና ትንፋሽን ያነባል፤ ያነበበውን በአማርኛ ይናገራል። አባያ ሐይቅ ላይ በተዘረጋችው ተንሳፋፊ ከተማ ያለ ልሳን ውሻ የሚያሳድግ የለም። ትርሲት ደግሞ በልሳንም ያለ ልሳንም ውሻ አሳድጋ አታውቅም። ሥራዋ ከተማዋን የተሸከሙትን ወለሎች መገጣጠሚያ መመርመር ነው። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ውላ ስትመለስ ቤቷ ነፍስ ያለው ነገር እንዲጠብቃት ፈለገችና አመጣችው።

ስሙን ያወጣችው ለጎረቤት ብላ ነው። ሰው በአፉ ለመናገር የሚያፍረውን በውሻው ስም ለጎረቤቱ ማሰማቱ የቆየ ልማድ ነው። ኮሪደሩ ላይ «ታገሱኝ! ና ታገሱኝ!» እያለች ስትጣራ የሚስቁ ነበሩ። ያልታገሡም ነበሩ። ለብሎኩ ኮሚቴ አቤት አሉ፤ ኮሚቴውም ሠላሳ ቀን ሰጣት። እስከዚያ ቡችላው ቤትና ኮሪደር ላይ መሽናቱን ካልተወ፣ ማዶ የብስ ላይ ወዳለው የውሻ ማቆያ ይወሰዳል። ወደዚያ ተወስዶ የተመለሰ ውሻ ደግሞ የለም።

«ሰባት ቀን ቀረሽ ልጄ» አሏት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ዘርጋው፣ በር ላይ ሲያገኟት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን እኮ ይጸጸታል፤ ራሱ ነው የሚነግረኝ።»

«ይቅርታ ካለማ ምን ታደርጊዋለሽ!» በእሷም በእሳቸውም አስተዳደግ ይቅርታ የተጠየቀበት ነገር ያኔውኑ አልቆለታል፤ መልሶ የሚያነሳው ሰው ነው የሚወቀሰው። «እኔ ልሳንን ያመንኩት በባለቤቴ ነው። አሰለፈች አንደበቷ ከተያዘ ሁለት ዓመቷ። ይኼን ካሰርንላት ወዲህ ግን አንድ ቀን አማርራ አታውቅም፤ ‹ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ› ብቻ ነው። ጤነኛ ሳለች እንኳ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ትርሲት ቡችላውን ልታጥብ ልሳኑን ፈታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ፎጣ አምጥታ ስትመለስ ታገሱኝ እንደ አጥንት ይዞ ሲቆረጥመው ደረሰች። ልሳኑ «እትዬ» ብሎ ጀመረና ጸጥ አለ።

«አሥር ቀን ይፈጃል» አላት የጥገና ባለሙያው።

«ስድስት ቀን ነው እኮ ያለኝ!»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ እህቴ? ውሻሽ ጥርሱ ጎበዝ ነው።»

በዚያ ቀን ቡችላው ሁለት ጊዜ ምንጣፉ ላይ ሸና። ትርሲት በሁለቱም ጊዜ ይቅርታውን ስትጠብቅ ቆየች። ምንም የለም፤ ሁለት የተገለጡ ዓይኖች ብቻ። ይቅር የምትለው ነገር ስላጣች የምታደርገውም ጠፋት።

ሥራዋ ላይ የመገጣጠሚያው ጠቋሚ ሲበላሽ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ንዝረቱ እስኪሰማት ትጠብቃለች እንጂ አታለቅስም። እና ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቡችላዋንም አየችው። ከእንቅልፉ በነቃ በደቂቃው፣ ከበላ በኋላ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጨዋታውን ድንገት ያቆማል። አፍንጫውን ወለሉ ላይ ያደርጋል፤ አንዴ ይዞራል፤ ከዚያ ቀና ብሎ በሩን ያያል። ሁልጊዜ በሩን ያያል። ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ሲነግራት ነበር፤ እሷ ግን የምትሰማው ከሸና በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ነበር።

በሩን ሲያይ ብድግ አድርጋ ወደ ብሎኩ አትክልት ቦታ ትሮጣለች። በመላው ብሎክ አፈር ያለው እዚያ ብቻ ነው። እንደጨረሰ፣ ገና እግሩን ሳያነሳ፣ «ጎበዝ!» ትለውና የዓሣ ቋንጣ ቁራጭ ታጎርሰዋለች። ቤት ድረስ ቆይታ ስትሰጠው ለምን እንደተሸለመ አይገባውም፤ ይህንንም ተሳስታ ነው ያወቀችው። አንዳንዴ ሳትደርስለት ሲያመልጠው ዝም ብላ ትወለውላለች። በአራተኛው ቀን ሶፋው ሥር መግባቱን ተወ። በአምስተኛው በሩን ራሱ ቧጠጠ።

ያን ዕለት ባለሙያው ደወለ። «ከፍቼ የተመዘገበውን አየሁት። ‹ጥፋተኛ ነኝ› ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለው ፍርሃት ነው። ጸጸት የሚባል አንድም ቦታ የለም።»

«ታዲያ ይቅርታውን ከየት አመጣው?»

«ከኛ ነዋ። የመጀመሪያዎቹ ልሳኖች እውነቱን ነበር የሚናገሩት፤ ‹ፈራሁሽ› ይሉ ነበር። ደንበኛው ተቀይሞ መለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ሰሚውን ደስ የሚያሰኘውን እንዲመርጡ ተደረገ። ልጠግንልሽ?»

«ተወው» አለችው።

በሠላሳኛው ቀን ጋሽ ዘርጋው ባለቤታቸውን በዊልቸር እየገፉ መጡ። ምንጣፉን አዩ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ኮሚቴው እንግዲህ...» ብለው ሲጀምሩ ታገሱኝ ጨዋታውን አቁሞ አንዴ ዞረ።

«ይቅርታ ጋሼ!» ትርሲት ቡችላውን አንስታ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሮጠች። ስትመለስ ቆመው ይጠብቋታል።

«ልሳን የለውም። ማን ነገረሽ?»

«ራሱ። በሩን ሲያይ ነው።» ባለሙያው ያላትን ሁሉ፣ ምንም ሳትጨምር ነገረቻቸው።

ጋሽ ዘርጋው የባለቤታቸው አንገት ላይ ያለውን ልሳን አዩ። «የውሻው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አሉ። «የሰውስ?»

እትዬ አሰለፈች የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠመዘዙ ነበር፤ ጠምዝዘው ጠምዝዘው ጣታቸው ነጥቷል።

«አሰለፈች፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ ልሳኑ በሚያምር ድምፅ። ጣቶቹ መጠምዘዛቸውን አላቆሙም።

«ቡችላው ይቀመጥ» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ትርሲት ሳያዩ። ከዚያ በሚስታቸው ፊት ቀስ ብለው ተንበረከኩ። «ይኼ ነገር የሚጠፋው በየት በኩል ነው?»

ትርሲት አሳየቻቸውና አጠፉት። ጋሽ ዘርጋው ዓይናቸውን ከሚስታቸው ፊት ሳይነቅሉ ጠበቁ፤ ታገሱኝም መጥቶ ከጎናቸው ቁጢጥ አለ።

እትዬ አሰለፈች ቀና ብለው በሩን አዩ።