ጋላቢ የሌለው ፈረስ

«ዝለል! ዝለል የኔ ጌታ!» ፀሐይወርቅ ከሶፋው ላይ ተነሥታ ጮኸች።

ኮፐር ሌን የሚባለው ፈረስ ጀርባው ላይ ሰው አልነበረም። ጋላቢው ቀደም ብሎ ወድቆ ሣሩ ላይ ቀርቷል። ፈረሱ ግን ልጓሙን አንገቱ ላይ እያንጠለጠለ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሮጠ፤ ከቅርንጫፍ የተሠራው ትልቅ አጥር ጋ ሲደርስም ማንም ሳይነካው ዘለለ።

«አዩልኝ አይደል አባባ? ማን አስገደደው? ማንም!»

አባባ ተኣመ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። እነፀሐይወርቅ በሚኖሩበት፣ ለንደን አርችዌይ ሰፈር ባለው ሕንፃ፣ ከእነሱ ቤት በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ጃንሜዳ የሚሮጡ ፈረሶችን ይንከባከቡ ነበር፤ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቆሟል። ቅዳሜ የፀሐይወርቅ እናት ዌምብሊ ሱቅ ትሠራለች፣ ልጅቷም እሳቸው ዘንድ ትውላለች። በእናቷ አባባል ሽማግሌው እየጠበቋት ነው፤ በእሷ አባባል ግን ጠባቂዋ እሷ ናት።

ሰኞ የትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር አለባት። ርእሱ «አጥር እየዘለሉ የሚሮጡበት የፈረስ ውድድር ይከልከል» የሚል ነው። ማን ይደግፍ፣ ማን ይቃወም የሚለው በዕጣ ይወሰናል፤ ለእሷና ለጓደኛዋ ለሳሚር «አይከልከል» ደረሳቸው። ፀሐይወርቅ ግድ አልነበራትም። ከሰጧት ለለንደን ዝናብም ጥብቅና ትቆማለች። ያሸነፈ ቡድን ክሮይደን ለሚደረገው ፍጻሜ ያልፋል፤ ትምህርት ቤታቸው ደግሞ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። እሷ ታደርሰዋለች። በዚህ ጥርጥር የሚባል ነገር አልነበራትም። በካርዷ ላይ አዳራሹን የምትገለብጥበት አንዲት መስመር ጽፋለች፦ «ጋላቢው ወድቆ እንኳ ፈረሱ መዝለሉን አይተውም። እስቲ ንገሩኝ፣ ማን አስገደደው?»

በዚያው ሳምንት ክፍሏ ውስጥ የዚህ ትልቅ ውድድር ፈረሶች ስም ባርኔጣ ውስጥ ገብቶ ለተማሪዎቹ ዕጣ ወጥቶ ነበር። ፈረሱ ያሸነፈለት ልጅ የቸኮሌት እንቁላል ይወስዳል። ለእሷ ኮፐር ሌን ወጣላት። ዛሬ ከሰዓት ይህን ስትነግራቸው አባባ ተኣመ ከልባቸው ሳቁ።

«እንግዲያውስ ካሁን ወዲያ አባ ኮፐር ነሽ።»

«ሴት ልጅ ‹አባ› ትባላለች እንዴ?»

«የፈረስ ስም ነው። ድሮ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ አባ እገሌ ተብሎ። ፈረስ ያለው ሰው ነው እንደዚያ የሚባለው። አንቺም አለሽ።»

«ወረቀት ላይ ነዋ ያለኝ።»

«ምን ቸገረሽ! እኔ ወረቀት ላይም የለኝ።»

በዚህ እየሳቁ ነበር ውድድሩ የተጀመረው።

አሁን ኮፐር ሌን ወደሚቀጥለው አጥር እየተጠጋ ነው። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ወርዶበታል። ተነሣ። የፊት እግሮቹ አለፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፀሐይወርቅ በደንብ አላየችውም። አንገቱ ወደ መሬት ሄደ፤ ያ ሁሉ ገላ ተከተለው። ካሜራው ወዲያው ወደ መሪዎቹ ዞረ። ውድድሩን የሚያስተላልፈው ሰው ለአንድ ቃል ያህል ድምፁን ዝቅ አደረገና መልሶ ከፍ አደረገው።

«ይነሣል፣ አይደል?» አለች።

ፈረሶቹ ዞረው እዚያው ቦታ ሲመለሱ ባንዲራ የያዘ ሰው አጥሩን በጎን አሳለፋቸው። ከአጥሩ ጀርባ ሰዎች አረንጓዴ መጋረጃ ዘርግተው፣ ዳር ዳሩን ይዘው ቆመዋል።

«ምንድን ነው የሚሸፍኑት? አባባ፣ ምንድን ነው?»

አባባ ተኣመ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን አጠፉት።

አንዱ ፈረስ አሸነፈ። ድምፅ በሌለው ስክሪን ላይ ሰው ተቃቀፈ፣ ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ። ፀሐይወርቅ ስልኳን ደጋግማ ሪፍሬሽ አደረገች። የጋላቢው ዜና ቀድሞ መጣ፤ ደህና ነው፣ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ወለም ብሎታል። የፈረሱ ዘግይቶ መጣ፤ «ኮፐር ሌንን በማጣታችን አዝነናል» ይላል። በቃ። ባቡር ላይ ረስተውት የወረዱት ጃንጥላ ይመስል።

«ግን እኮ ወዶ ነው የሮጠው» አለች። «ጋላቢ አልነበረውም። መቆም ይችል ነበር።»

«ሌሎቹ ሲሄዱ ፈረስ ይሄዳል። ብቻውን መቅረት አይሆንለትም» አሉ አባባ ተኣመ ቀስ ብለው። «ወደደው፣ አልወደደው እኔ በምን ዐውቃለሁ ልጄ? ስንቱን ፈረስ አጥቤ አብልቻለሁ። አንዱም አልነገረኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ያያሉ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሻሹ። «ሌላ ፈረስ ከየት ላምጣ? አርሰናል ሲጫወት የፖሊሶቹን ፈረሶች ለማየት ስታዲየሙ ጋ፣ ሆሎዌይ ወርጄ እቆማለሁ። አትጠጋ ይሉኛል።»

የሚቀጥለው ውድድር ሲጀመር ሪሞቱ እጃቸው ላይ ነበር። አላጠፉትም። እሷም አጥፉት አላለችም። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት፤ ፈረሶቹ በአጥሩ ላይ በተነሡ ቁጥር ፀሐይወርቅ የሶፋውን ጠርዝ ጨበጠች።

ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ስሙስ አሁን እንዴት ይሆናል? አባ ኮፐር?»

«ፈረሱ ሲሞት ስሙ ከሰውየው ላይ አይወርድም» አሉ አባባ ተኣመ። «ያንቺው ነው።»

ሰኞ ጧት ሳሚርን ኮሪደር ላይ ይዛ፣ መስመሯን እንደማትላት ነገረችው።

«ብሮ፣ ሲሪየስ ነሽ?» ሳሚር ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው። «አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሻት! እሷን ካወጣሽ የቀረን ምንድን ነው? የኔ ስታቲስቲክስ? እኔ ራሴ ስሰማው እንቅልፌ ይመጣል።»

«ያ ፈረስ ሞተ እኮ።»

«ዐውቃለሁ፤ ያሳዝናል፣ ወላሂ። ግን ዝም ብትይ ይነሣል?»

ፀሐይወርቅ ትታው ወደ ክርክር አሠልጣኛቸው ወደ ሚስተር ኮልማን ሄደች። ሌላኛውን ወገን እንድትይዝ እንዲፈቅድላት ለመነችው። መለመን ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሳሃይ» አላት። ስሟን በትክክል ጠርቶት አያውቅም። «በክርክር የደረሰሽን እንጂ የምታምኚውን አይደለም የምትናገሪው። ጨዋታው ይኼ ነው።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ትጣላው ነበር።

እሺ፣ መስመሯን ብቻ አልላትም ብላ ወሰነች። ካርዷ ላይ በእስክርብቶ ሠረዘቻት።

ክርክሩ ተጀመረ። ሳሚር ስታቲስቲክሱን አነበበ፤ አዳራሹ አዛጋ። ፀሐይወርቅ ተነሥታ የቀረውን ተናገረች፤ ቃላቱ ከአፏ ሲወጡ ለራሷም ቀዘቀዙባት። ከዚያ ሶፊያ ተነሣች። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ፈገግታዋ የሚያናድድ ልጅ ናት።

«ቅዳሜ ዕለት ኮፐር ሌን ሞተ» አለች ሶፊያ። «ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። ከወዲያ በኩል ግን ስለሱ አንድም ቃል አልሰማንም።» ወደ ፀሐይወርቅ ዞረች። «ምላስሽ ስለት ነው ብለውን ፈርተን ነበር የመጣነው። ዛሬ ቤት ረስተሽው መጣሽ እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሳሚርም ጭምር ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

የመልስ ተራ የፀሐይወርቅ ነበር። ጆሮዋ ጋለ። ስትነሣ ምን እንደምትል አላሰበችም፤ አፏ ቀድሟት ሄደ።

«አዎ፣ ሞተ። እንግዲያው ስለሱ እናውራ። ጋላቢው ወድቋል። ልጓሙን የያዘ የለም። አለንጋ የያዘ የለም። መቆም ይችል ነበር፤ ግን ዘለለ!» እጇን ወደ ሶፊያ ዘረጋች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ማን አስገደደው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። ሳሚር ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር። ፀሐይወርቅ ቁጭ ብላ፣ መስመሯን የሠረዘችበትን ካርድ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

አሸነፉ። ሚስተር ኮልማን እጇን ጨበጣት። «ያቺን መስመር ለክሮይደን አቆዪያት» አላት። «እሷ ናት ያሳለፈችን።»

ማታ ደረጃው ላይ አባባ ተኣመ የወተት ፌስታል ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸው። ፌስታሉን ተቀበለቻቸው።

«አባ ኮፐር! እንዴት ሆነ?»

«አሸነፍኩ።»

«እልል በይ እንጂ! ምን ብለሽ ረታሻቸው?»

ሌላ ነገር መፍጠር ትችል ነበር። መፍጠር ለእሷ ቀላል ነው። ግን ቃል በቃል ነገረቻቸው። እስከ «ማን አስገደደው» ድረስ።

አባባ ተኣመ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደደች።

«አመኑሽ?» አሉ።

«አመኑኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፌስታላቸውን ከእጇ ወስደው ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። በዚያ ስም ደግመው አልጠሯትም። ከበሩ ጀርባ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሰማች።

በማግሥቱ በማለዳ፣ ኮሪደሩ ገና ባዶ ሳለ፣ ወደ ክፍሏ ገባች። የዕጣው ሰሌዳ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። የወደቁት ፈረሶች ስም በማስመሪያ፣ በንጽሕና ተሠርዟል። ከኮፐር ሌን አጠገብ ያለው የእሷ ስም ግን አልተሠረዘም። እስክርብቶዋን አወጣች። ከስሟ ሥር በአማርኛ ፊደል «አባ ኮፐር» ብላ ጻፈች። እዚህ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም።

ከዚያ የሚስተር ኮልማንን በር አንኳኳች።

«ኦ፣ የክሮይደን ጀግና! ግቢ፣ ግቢ። መስመሯን እየተለማመድሽ ነው?»

«ለሱ ነው የመጣሁት። ክሮይደን እሄዳለሁ። እሷን ግን አልላትም። የፈለጉትን ያህል ቢስቁብኝ አልላትም።»

ሚስተር ኮልማን መነጽሩን አወለቀ። «እሺ። እና በሷ ፋንታ ምን ትያለሽ?»

ፀሐይወርቅ አፏን ከፈተች። ምንም አልመጣላትም። ሚስተር ኮልማን ጠበቃት፤ የግድግዳውን ሰዓትም አየ። እሷ በሩ ላይ እንደ ቆመች ነበር፤ አልሄደችም።