ሁለተኛው ኩባያ

ለደንበኞች የሚገዙና የሚሸጡ የግብይት አባላት ማኅበር ጸሐፊ በማለዳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ሻዩ መርዝ ነበረበት። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከኪሱ ጠፍቷል። በዚያች ጠባብ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ለብቻው ሲሠራ፣ ደብዳቤ ካልተፈለገ በቀር ማንም አያንኳኳበትም ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አያልፋትምና። ጠረጴዛው ላይ አፉ የተሸረፈ ኩባያ አየች። ከቆሻሻ መጣያው የአዲስ ኩባያ ካርቶን አወጣች፤ ደረሰኙ የትናንት ነው። አዲሱ ኩባያ ግን የለም። ከሟቹ ክንድ ሥር፣ ዛሬ እኩለ ቀን ሳይሞላ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መድረስ ያለበት ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት ተቀምጧል፤ መሥሪያ ቤቱ ባዘጋጀው ረቂቅ የግብይት መመሪያ ላይ ማኅበሩ የሰጠው አስተያየት ነው። አነበበችውና ለማንም ሳታሳይ አጠፈችው።

ትናንት ጸሐፊውን ሥራ ላይ ትተው የወጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌው ሊቀመንበር፣ ምክትላቸውና ከጸሐፊው ክፍል ግድግዳ ብቻ የሚለያት የሕግ አማካሪ። ሦስቱም በየተራ ተጠየቁ፤ በቀጥታ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ተናገሩ። ከሟቹ ጋር ሻይ ጠጥቶ የሚያውቅ አንድም አልተገኘም። ወንፊት ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ጠየቀቻቸውና በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«ደብዳቤው ስለ ደንበኛ ትእዛዝ ምን እንደሚል ጠይቄአችሁ ነበር። ሊቀመንበሩና የሕግ አማካሪዋ፣ አገናኙ አባል ከራሱ ግዢ በፊት የደንበኛውን ‹ማስቀደም አለበት› አሉኝ። ምክትሉ ግን ‹ማስቀደም ይችላል› አሉኝ።»

«የተጻፈው እንደዚያ አይደል እንዴ?» አለ ምክትሉ።

«ነው። ከትናንት በስቲያ በስብሰባ ያጸደቃችሁት ግን ‹አለበት› ነው፤ ቃለ ጉባኤውን አይቻለሁ። ‹ይችላል› የሚለው ገጽ የነበረው በተቆለፈው ክፍል ብቻ ነው። እርስዎ ገጹን ለውጠው ሲወጡ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ማንም መልሶ አያነብም ብለው ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእርስዎን ግን አንዲት ግስ አወጣችው።»

አዲሱ ኩባያም ከመኪናው ወንበር ሥር መገኘቱን ነገረችው። ምክትሉ ከደንበኞቹ ትእዛዝ የራሱን ግዢ ሲያስቀድም ኖሯል፤ ‹አለበት› መመሪያው ውስጥ ከገባ እንጀራው ያበቃል።

«አንዲት ቃል ናት ብዬ ሦስቴ ለመንኩት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንቢ አለኝ። ትናንት ጠዋት፣ በቃ እርቅ ይሁን፣ ከሥራ በኋላ መጥቼ ሻይ እንጠጣለን አልኩት።»

«እሱም በምሳ ሰዓት ወጥቶ ኩባያ ገዛልዎት» አለች ወንፊት። «አሥራ አራት ዓመት አንዱ በቅቶት ነበር።»

ምክትሉን ከወሰዱት በኋላ ሊቀመንበሩ ደብዳቤው በጸደቀው ቃል ተስተካክሎ አሁኑኑ እንዲሄድ አዘዙ። የሕግ አማካሪዋ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ግድግዳው ስስ ነው» አለች። «ትናንት ልወጣ ስል ሲስቅ ሰማሁት። እዚህ በሠራሁበት ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። በስልክ የሚያወራ መሰለኝና፣ እሰይ፣ ሰው አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»