የቅጠል ውኃ ያቀለመው እጅ

ሱኒሳና ዊቻን የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው።

በናኮን ፓቶም ከተማ የዓሣ ገበያ ዊቻን ለውጊያ የሚረቡ ትናንሽ ዓሦቹን በየጠርሙሱ ደርድሮ ተቀምጧል። ተያይተው በከንቱ እንዳይፎክሩ በየመሃላቸው ካርቶን አቁሟል። ሱኒሳ መጣችና አንዱን ካርቶን መዘዘችው።

«አንቺ! መልሺው! ምን አደረጉሽ?»

«ወንድ መሆናቸውን ልይ ብዬ ነዋ።»

«የኔን ወንድነትስ?»

«አንተ ስትፎክር ገና አላየሁም!»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ካርቶኑን ከእጇ ተቀብሎ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ሱኒሳ ሌላ ወንድ ማየት አቃታት።

አባቷ ታዊ በአካባቢው የታወቀ ዓሣ አርቢ ነው። የመዳብ ቀለም ያለውን የዓሣ ዘሩን ከእሱ በቀር ማንም አራብቶት አያውቅም። ዊቻን ሽማግሌ ሲልክበት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዓሣ በጠርሙስ አድርጎ ሰጠው።

«ከእነዚህ ጫጩት አውጣና አሳየኝ። ያን ጊዜ ልጄን ውሰድ።»

እንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ዓሣ ነው። በአረፋ በሠራው ጎጆ ሥር ይቆማል፤ የወደቀውን በአፉ ለቅሞ ይመልሳል። ከደነገጠ ግን ሁሉንም ይውጣቸዋል። የዊቻን ዓሣ አንዴ በመኪና ጥሩምባ፣ አንዴ በድመት ደንግጦ ሁለቴ ዋጣቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል የመንደሩ ወንዝ ሞላ።

ውኃው ዊቻን ቤት ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቆርቆሮ በቆረጠው እግሩ እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ እየገባ ውሎ ያድራል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ቤተ መቅደሱ ሸሹ። እሱም ሊወጣ ሲል ሴቲቱ ዓሣ እንቁላል ጣለች።

ሱኒሳ በጀልባ መጣች።

«ውጣ እንጂ አንተ ሰው! ቤቱ ሊወድቅብህ ነው!»

«አምስት ቀን ብቻ። እንቁላሉ ያለበትን ማሰሮ ካንቀሳቀስኩት ጎጆው ይፈርሳል።»

«ይፍረስ!»

«ለአባትሽ ምን ልበላቸው? ጎርፍ ነበር ልበላቸው? ‹የኔ ልጅ በጎርፍ ጊዜ አትጠበቅም?› ነው የሚሉኝ።»

አባቷን ታውቃለች። የያዘችውን ሩዝ ሰጥታው ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ማሰሮው ላይ አጎንብሶ አገኘችው። ዓሣው እንዳይደነግጥ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ባቴን ቆረጣጠመኝ፣» አላት።

«ቆመህ እየዋልክ ምን ይሁን?»

እጁን ያዘችው፤ ይሞቃል። ቢጫ ነው። የዓሣ አርቢ እጅ መቼም ቢጫ ነው፤ ለዓሦቹ እንዲስማማ ውኃውን የሚያጠይሙበት ደረቅ ቅጠል ያቀልመዋል፤ የአባቷም እጅ እንደዚያው ነው።

«አንተንም ከቅጠሉ ጋር ዘፈዘፉህ እንዴ?» አለችው።

ሳቀ። ዓይኑን ግን ከማሰሮው አላነሳም። እሷም ቀና በል አላለችውም። ያን ቢጫ እጅ ስማ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን አባትየው ዓሣ ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። በማሰሮው ውስጥ የዓይን ሽፋሽፍት የሚያካክሉ ጫጩቶች ይዋኛሉ። ዊቻን ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሏል። ሱኒሳ መጥታ ስትጠራው ቀና አለ፤ የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«ዋኙ፣» አላት።

በጀልባ ጭና ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ የአይጥ ሽንት የገባበት የጎርፍ ውኃ በቁስሉ በኩል እንደመረዘው፣ ኩላሊቱም ሥራ እንዳቆመ ነገራት።

«ቢጫነቱን ያየ ሰው አልነበረም? ከሁለት ቀን በፊት ብታመጡት ኖሮ…»

ሱኒሳ አይታው ነበር። አይታ ቀልዳበት ነበር።

ማታውን ዊቻን አንዴ ነቃ።

«አባትሽ አዩዋቸው?»

«አዩዋቸው፣» ብላ ዋሸች። «ደስ አላቸው። እሺ አሉ።»

«እሺ አሉ?»

«እሺ አሉ፣ የኔ ጌታ።»

ጎህ ሳይቀድ አረፈ።

ሬሳው በሚቃጠልበት ቀን የመንደሩ ሰው ሬሳው ላይ የሚያኖረውን ከእንጨት የተሠራ አበባ ይዞ ወደ ሬሳው በሚያወጣው የመቅደሱ ደረጃ ሥር ተሰለፈ። ሱኒሳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች፤ ዘመዱ አይደለችምና። አንድ አዛውንት፣

«ቤተሰብ ይቅደም! የቅርብ ሰው ማን አለው?» ብለው ተጣሩ።

ማንም አልወጣም። ዊቻን ወላጆቹ ሞተውበታል።

ያን ጊዜ ታዊ ሰዉን እየገፋ መጣ። ዊቻን ካረፈ ወዲህ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ ጢሙ አድጓል። የሱኒሳን ክንድ ይዞ ወደ ፊት አወጣት።

«ሚስቱ አለች፣» አለ ጮክ ብሎ። «ሰጥቼዋለሁ። ልጄ ሚስቱ ናት።»

ሱኒሳ አባቷን አየችው።

«ዛሬ፣ አባባ?»

ታዊ ክንዷን ለቀቀ። እሷም አበባዋን ይዛ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።