የቅዳሜ በርበሬ

ሰቦቃ ኢቲቻ በዕድሜው የቀመሳቸውን ጥፊዎች ከነሰጪዎቻቸው ያውቃቸዋል። ሦስተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው «አንተ የእንጦጦ ጉቶ!» ብለው ያሳረፉበትና ከትምህርት ያስቀረው አንዱ ነው። ጃንሜዳ አጠገብ አንድ ባለመኪና፣ ቶሎ አልተነሳህልኝም ብሎ ያቀመሰው ሌላው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት አበው፣ ሰቦቃን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም የከፋው ጥፊ ግን በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ የሚወዳት ልጅ እያየች ያረፈበት ነው።

ልጅቷ የማርያምወርቅ ትባላለች። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ከቀበና ወንዝ በላይ የሞተር ወፍጮ ነበራቸው፤ ሰቦቃ የዚያ ወፍጮ ሠራተኛ ነው። የማርያምወርቅ አንኮበር አክስቷ ዘንድ አድጋ፣ አባቷ ሲሞት እናቷን ልታግዝ መጣች። በመጣች ዕለት የወፍጮ ቤቱን በር ገፋ ብታደርግ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የለበሰ ሰው ተገትሮ አየች።

«በስመ አብ! ይሄ ሰው ነው ሐውልት?»

«ሰው ነኝ፣ እመቤቴ» አለ ሰቦቃ። «ብታጠብ ደግሞ ጠይም ነኝ።»

«ታዲያ ምነው የማትታጠበው?»

«ለማን ብዬ?»

ሳቀች። ከማግስቱ ጀምሮ ሰቦቃ በየጠዋቱ ወንዝ ወርዶ እየታጠበ ይገባ ጀመር። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ ዱቄት ሊለብስ፣ ለምን እንደሚታጠብ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ አወቁ። ሞተሩ ሲጮህ መነጋገር አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲተያዩ ይውላሉ። እሱ ከሚዛኑ፣ እሷ ከመስኮቱ።

የወፍጮው ትልቁ ደንበኛ ከወንዙ ማዶ ያለው የሸክላ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ካርድ ያድላል፤ ሚስቶቻቸው በካርዱ ያስፈጫሉ። ሰቦቃ እህሉን ይመዝንና ቀኑንና የእህሉን ዓይነት ይጽፍበታል፤ የማርያምወርቅ ካርዱን ቀድዳ ግማሹን ታስቀራለች። ወር ሲሞላ የፋብሪካው ጸሐፊ ከበበ ግማሾቹን ወስዶ ገንዘቡን ያመጣል። ከበበ ከረባት አሳሪ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ ባይ ነው። ገንዘቡን ሲያመጣ ከሚገባው በላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑም ከመስኮቱ አይነሳም።

በኅዳር ግን በገንዘቡ ፋንታ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ መጣ። አንድ ጥቅል ካርድ ወይዘሮ ብዙነሽ እግር ሥር ወረወረ።

«ሰማንያ ካርድ፣ ሁሉም ሐሰተኛ! ጽሕፈቱን ይዩት፣ እትዬ። ይሄ የዶሮ ጭረት የማን ነው? ይሄ ባላገር ካርድ እያስመሰለ ለዘመዶቹ በነፃ ሲፈጭ ከርሟል። ፋብሪካው ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም!»

«አቶ ከበበ፣ እስቲ ልየው…» ብሎ ሰቦቃ እጁን ቢዘረጋ፣ ጥፊው አረፈ።

«ምን ልታነብ ነው? አንተ?»

የቀረውን ዘበኞቹ ጨረሱት። በዱላ ጎኑን፣ በጫማ ፊቱን። ደሙ ወለሉ ላይ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ሊጥ ሆነ። ሰቦቃ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። የማርያምወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። አንዲት ቃል፣ «ተዉት» የምትል አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። አልወጣትም።

«ከዛሬ ጀምሮ እግርህ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ!» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

ከበበ ካርዶቹን ለማስረጃ ብሎ ትቶላቸው ሄደ። የዚያ ወር ገንዘብ ካልመጣ የነዳጁ ዕዳ ወፍጮውን እንደሚያሸጠው ያውቃል። ሲወጣም ወደ እናትየው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ልጅቱን ከሰጡት ነገሩን ከፋብሪካው ጋር እንደሚያበርደው ሹክ አለ።

ሰቦቃ እየተንፏቀቀ እንጦጦ ወጣ፤ አባቱ ቤት። ሽማግሌው ኢቲቻ ወጌሻ ናቸው። ጎኑን አሰሩለት። በአራተኛው ቀን ሰቦቃ ባሕር ዛፍ የሚጥሉበትን መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁል ወረደ።

ዛፎቹ መሐል፣ የማርያምወርቅ እያለከለከች ሽቅብ ስትመጣ ተገናኙ።

«መጥረቢያ ይዘህ ወዴት ነው?»

«እንጨት ልቆርጥ።»

«እንጨቱ ከረባት ያስራል?»

«አንቺ ምን አገባሽ? ያን ቀን አፍሽ የት ነበር?»

«ፈራሁ» አለች። «ደግሞም ጠረጠርኩህ። ጽሕፈቱ ያንተን ይመስላል። ልዋሽህ ብዬ ይሄን ሁሉ ዳገት አልወጣሁም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ቢለው ይገድለው ነበር። እሷን ግን ሲያያት፣ ጫማዋ ተቀዶ አውራ ጣቷ ይደማል።

ከመቀነቷ ካርዶቹን አወጣች። «ላንተ ማንም አላሳየህም። አንብባቸው።»

ጉቶ ላይ ተቀምጦ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። «ቅ…ዳ…ሜ። ጤፍ፣ አሥራ አምስት ኪሎ።» ቀጣዩን አነሳ። «ቅዳሜ። ስንዴ…» ቀና አለ። «ቅዳሜ?»

የማርያምወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ጽሕፈቱን እንጂ ቀኑን መች አየሁ!»

ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ወፍጮ የሚፈጨው በርበሬ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ድንጋዩ በፉርሽካ ካልጠራ በቀር ጤፍ የሚያስፈጭ የለም፤ እንጀራው አፍ ያቃጥላል። ይህን የየካ ሴት ሁሉ፣ እንቅብ መሸከም የጀመረች ልጅ ሳትቀር ታውቀዋለች።

«ይሄን የጻፈ ሰው በዕድሜው ወፍጮ ቤት እህል ተሸክሞ አያውቅም» አለ ሰቦቃ። ተያዩና ሳቁ። የታሰረ ጎኑ እስኪያመው ሳቀ።

«መጥረቢያውን እዚህ ተወው» አለችው። «ነገ ቅዳሜ ነው። ከበበ የእናቴን መልስ ሊሰማ ይመጣል።»

መጥረቢያውን ተወ። ዱላ ከመያዝ ግን አልተመለሰም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ በበርበሬ ብናኝ ታፍኖ፣ ሴቱ ሁሉ ያስነጥሳል። ከበበ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ። የማርያምወርቅ ሞተሩን አስጠፋችና ካርዶቹን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«አቶ ከበበ፣ ከነዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ ቅዳሜ ጤፍና ስንዴ ተፈጨ ይላሉ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እስቲ ጤፍ አምጥተህ አስፈጭ!»

«ወይ ጉድ!» አሉ በለጡ የሚባሉ አሮጊት። «የሚያገባት ስትወልድ የበርበሬ ገንፎ ሊያበላት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከበበ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ወፍጮ የሴት ጉዳይ ነው! የቱ በየትኛው ቀን እንደሚፈጭ አውቄ ነው እንዴ የምጽፈው!» አለ። ካለ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። ሳቁ ቀጥ አለ።

ዘሎ የማርያምወርቅን በጸጉሯ ጨመደዳት፤ ካርዶቹን ሊነጥቅ። ሰቦቃ ከሞተሩ ጀርባ ወጣ። የመጀመሪያው ዱላ ከበበን ትከሻው ላይ አገኘው። ከበበ ከእንቅብ እፍኝ ሙሉ በርበሬ ዘግኖ ዓይኑ ውስጥ ረጨበት። ዓለም እሳት ሆነችበት። እንደታወረ ሰነዘረ፤ ጥርስ ሲረግፍ ሰማ። ሰውየው ወደቀ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን ሰቦቃ ከበበን ብቻ አልነበረም የሚመታው፤ አስተማሪውን፣ ባለመኪናውን፣ ያልበቀላቸውን ሁሉ ነበር። «ይበቃል! ሰቦቃ፣ ይበቃል!» የሚል የሴት ድምፅ እዚያው ከፊቱ ሰምቷል። እየሰማ አንዴ ጨመረ።

ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። የጮኸው ከበበ አልነበረም።

ፖሊስ ከበበን ከነደሙ ወሰደው። እውነተኞቹ ግማሾች ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ተገኙ፤ ገንዘባቸውን ራሱ ተቀብሎ በልቶ፣ በምትካቸው በሰቦቃ እጅ ጽሕፈት አስመስሎ የጻፋቸውን ነበር ያመጣው። ፋብሪካው ከፈለ፤ ወፍጮው ተረፈ። ሰቦቃ ግን ይህን ሁሉ በሰው አፍ ነው የሰማው። ከኀፍረቱ የተነሳ ዋሻ የገባ ጅብ መስሎ አባቱ ጓሮ ተደብቋል።

ከጠቡ በማግስቱ የማርያምወርቅ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ፣ በበቅሎ ላይ ሆና ወጌሻው ደጅ ደረሰች። እናቷ እያለቀሱ ከኋላ ይከተላሉ።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ?» አሉ ኢቲቻ።

«ወደቅሁ።»

ሰቦቃ ከጓሮ ወጣ። «አልወደቀችም። እኔ ነኝ የሰበርኳት።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንስተው ልጃቸውን ጀርባው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፉበት። ያ ጥፊ ቆጣሪ ይህን አልቆጠረውም። ከዚያ፣ «ና፣ ያዛት» አሉ።

ከኋላዋ ተንበርክኮ ትከሻዋን ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘ። አጥንቱ ሲሳብ ጥርሷን እጁ ላይ ሰካች። እሱም እጁን አላስለቀቀም።

«ትጠላኛለሽ?» አለ በጆሮዋ።

«ክንዴማ ይጠገናል» አለች ላቧ እየወረደ። «ያንተን ቂም ነው ማን እንደሚጠግነው የማላውቀው። ዳግመኛ በኔ ላይ እጅህ ቢነሳ፣ ይሄን ዳገት ስወጣ አታየኝም።»

ኢቲቻ ቀርከሃውን አስረው ሲጨርሱ ወደ ወይዘሮ ብዙነሽ ዞሩ። «እኔ አጥንት ስጠግን አንድ ሕግ አለኝ፣ እመቤት። እጅ የሰበረ፣ ያ እጅ እስኪድን እጅ ይሆናል። ይውሰዱት።»

«ይሄን?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

«ሌላ የሰበረ ካለ እሱን ይውሰዱ።»

በአንድ እጅ ካርድ አይቀደድም። ስለዚህ በየቀኑ፣ ባለ ካርድ ሴት በመጣች ቁጥር፣ ሰቦቃ ጽፎ መስኮቱ ጋ ይመጣል፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ይስባሉ። ሴቶቹ ሆን ብለው ለየቁናው ለየብቻ ካርድ ማምጣት ጀመሩ።

ጥር አለፈ፤ የካቲትም ተጋመሰ። ወይዘሮ ብዙነሽ፣ «ምን ዓይነት ወጌሻ ነው እንዲህ የሚያቆየው?» እያሉ ያጉረመርማሉ።

አንድ ቀን ሰቦቃ ከሚዛኑ ቀና ሲል፣ የማርያምወርቅ ማንም ያላያት መስሏት፣ በታሰረው እጇ ጸጉሯን ስትጎነጉን አያት። ጣቶቿ እንደ ሸማኔ ጣት ይፈጥናሉ።

ካርዱን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«ክንድሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ምን ይድናል!» አለች፣ የካርዱን ጫፍ እየዘረጋችለት።

ያዘው።