ውድ አንለይ

በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ቃላቸውን በጎረቤት አፍ የሚለዋወጡ አባትና ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መንደር፣ እንዲህ ያለ ቤት ነበር። አባትየው አንለይ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርና በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ለልጁ ሚስት የሚያስጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ብቸኛ ልጃቸው የወርቅውሃ፣ ሆሞሻ ወረዳ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቷ ትመጣለች። ትመጣለች እንጂ... ምን መምጣት ነው? ወጥ ሠርታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ እሳቸው እሷ ስትወጣ ጠብቀው ይበላሉ። ቃል ማድረሱን ጎረቤታቸው ዓኢሻ ትሠራዋለች። "የወርቅ፣ አባትህ ሸሚዝ የት አለ ይላል" ትላለች በሩ ላይ ቆማ፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ። "ወላሂ እኔ ደከመኝ! እሱ እዚህ፣ አንተ እዚህ። መሐል ላይ ግድግዳ እንኳ የለም!"

ግድግዳውን ያቆመው የእናቷ የወይዘሮ በለጡ ሞት ነበር። የወርቅውሃ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ስትል የእናቷ ኩላሊት ከዳ። አባቷ ደውለው "ነይ" አሏት። በማግስቱ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ነበር። "ነገ አቅርቤ እመጣለሁ" አለች። ሞት ግን ነገን ይጠብቃል?! ስትደርስ እናቷ ከተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። አንለይ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ከደጃፉ አቆሟት።

"ወረቀትሽን ይዘሽ መጣሽ? እንግዲህ እሱ ይቅበርሽ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ "አባዬ፣ አንተ" ትል የነበረችው ልጅ "እርስዎ" ማለት ጀመረች። አክብሮት አልነበረም፤ ርቀት ነበር። ቢሆንም ብቻቸውን ታመው እንዳይወድቁ ፈርታ፣ አሮጌ ስልኳን በዓኢሻ እጅ ሰጠቻቸው። የኢሜይል አድራሻዋን ከውስጡ ሳታጠፋ! ያቺ ትንሽ መርሳት ስንት ነገር ይዛ መጣች...

የወርቅውሃ ከዚያ ቤት መውጫ የሚሆን አንድ በር ብቻ ይታያት ነበር፤ የዶክትሬት ትምህርት። ውኃ በሌለው የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ተቀምጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተች። የውጭዎቹ ማመልከቻዎች ሁሉ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሣጥን ነበራቸው፤ የቤተሰብ ስም የሌለው ሕዝብ ልጅ ምን ታድርግ? ጥርሷን ነክሳ "አንለይ" ብላ ሞላችው። ስድስቱ አይሆንም አሉ። ሦስት ቀሩ፤ የኮሪያው ስለ ባትሪ፣ የአዲስ አበባው ስለ መድኃኒት ተክሎች፣ የኖርዌዩ በወንዝ ዓሣ ውስጥ ስለሚገኝ ሜርኩሪ። የትኛው እንደሚሻላት ለማወቅ እዚያ ላሉ ተማሪዎች ጻፈች፤ ዓይነ አፋር ናትና "ፕሮፌሰሩ ይቆጣሉ?" የምትለውን አንዲት ጥያቄ ለመላክ አራት ቀን ፈጀባት። ከኮሪያ "ደመወዙ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ግን የለም" የሚል መልስ መጣ። ልቧ ግን አስቀድሞ ኖርዌይ ሄዷል። በአሶሳ ዙሪያ ወርቅ ቆፋሪው ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪን በባዶ እጁ ከአፈር ጋር ያሸዋል፤ ውኃው ቁልቁል ወርዶ ይጠጣል። የእናቷን ኩላሊት ምን እንደጨረሰው የነገራት ሐኪም አልነበረም። ማወቅ ፈለገች። ለእናቷ መክፈል የቀራት ዕንባ እሱ ብቻ ይመስላት ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ የኖርዌዩ ፕሮፌሰር በቪዲዮ አነጋገሯትና "የመጀመሪያ ምርጫችን አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤው በሳምንት ውስጥ ይደርስሻል" አሏት። የኮሪያው ቀነ ገደብ በማግስቱ ነበር። ሁለት ቦታ ይዞ ሌላ ሰው ማስጠበቅ ነውር መሰላትና በትሕትና ተወችው። ለአዲስ አበባውም ፈተና ሳትቀመጥ ቀረች። ከዚያ የሆሞሻ ኔትወርክ ጠፋ። አሥራ አንድ ቀን!

ሲመለስ ሁለት ደብዳቤዎች አብረው ገቡ። ሁለቱም "ውድ አንለይ" ብለው ይጀምራሉ፤ ፈረንጅ ሰውን በመጨረሻ ስሙ ነው የሚጠራው። አንደኛው "ልንቀበል ወስነናል፤ ውሳኔዎን እስከ ሚያዝያ ሰባት ያሳውቁን" ይላል። ሁለተኛው "የቤተሰብዎን ውሳኔ እናከብራለን፤ ቦታው ለተከታዩ አመልካች ተሰጥቷል" ይላል። በሁለቱ መካከል ከራሷ አድራሻ የተላከ፣ እሷ ግን ያልጻፈችው መልስ ነበር። የመጀመሪያው መስመር በተሰባበረ እንግሊዝኛ "አሁን ልጄን አልሰጥም" ይላል። ከዚያ በታች ያለውን ዓይኗ አላየውም።

በመጀመሪያው ሚኒባስ መንደሯ ደረሰች። አንለይ መዝገበ ቃላት ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"እኔ ነኝ። በስሜ መጣ፣ በስሜ መለስኩ።"

"የኔ ደብዳቤ ነው!"

"'ውድ አንለይ' ነው የሚለው። አንለይ ማነው? አንቺ ነሽ?"

"ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ! ገደሉኝ እኮ!"

የሽማግሌው ፊት ለአፍታ ተለወጠ። ግን ለዓመታት የተዘጋ አፍ በአንድ ቀን መች ይከፈታል? "የፈለገ ይመለሳል" አሉ ብቻ።

"አይመለሱም! ፈረንጅ አንዴ ከሄደ አይመለስም! ስምዎን ከስሜ ላይ መፋቅ ብችል ዛሬውኑ እፍቀው ነበር!"

"ፋቂው!" ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "አፈር ሳይቀድምሽ ፋቂው!"

ዓኢሻ በመሐላቸው እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታደርሰው ቃል ጠፋት።

የወርቅውሃ ሆሞሻ ተመልሳ ያንን የኢሜይል አድራሻ ከስልኳ አጠፋች፤ የአባቷን ቁጥር ዘጋች። ከዚያ በኋላ ቤቷን አልረገጠችም። በክረምቱ የአንለይ ጉበት ተነሣባቸው፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶም ማየት ተሳነው። በኅዳር የሽምግልና ጓደኛቸው አምባው ደወሉላት። "ሊያስታርቁን ነው" ብላ አላነሣችም። በማግስቱ ደገሙ። አላነሣችም። ከአራት ቀን በኋላ የመጣውን ሦስተኛውን ጥሪ አነሣች።

"እንግዲህ አትቸኩዪ" አሏት። "ከትናንት ወዲያ ቀብረነዋል።"

ሁለት ቀን! ዳግመኛ ሁለት ቀን! አንድ ልጅ ለእናቷም ለአባቷም ቀብር ሳትደርስ የምትቀርበት፣ ይህ ምን ዓይነት የተረገመ ቁጥር ነው?

ድንኳኑ ሥር ስትደርስ የሚነሣላት፣ ትከሻ የሚሰጣት አንድ ሰው አልነበረም። አምባው በከዘራቸው መንገዱን ዘጉባት።

"ለአባትሽም አረፈድሽ? ልማድሽ ነው?"

"ቀድሞ የቀበሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጋሽ አምባው። 'አልሰጥም' ብለው ጽፈው።"

"ሙሉውን አንብበሽዋል?"

ዓኢሻ ከጉያዋ አሮጌውን ስልክ አውጥታ ሰጠቻት። አነበበች። "አሁን ልጄን አልሰጥም። ዘመዶቼን ላማክር። እባካችሁ ሌላ ጊዜ ተመለሱ። አንለይ።"

"ዘመዶቼ ያለው እኔን ነው" አሉ አምባው። "ደብዳቤው የደረሰው ቀን እንደ ልጅ እየሮጠ መጣ። 'አምባው፣ ልጄን ጠየቁኝ፤ ያውም ስሜን ጠርተው፣ ውሳኔህ ምንድን ነው ብለው!' አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በሽምግልና የኖረ ሰው በአንድ ጥየቃ እሺ ይላል? በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን አራከሰ አይባልም? እኔም ደጅ ይጥኑ፣ ሦስቴ ይመላለሱ አልኩት። አጠፋን..."

የወርቅውሃ መልእክቱን እንደገና አነበበችው።

"'አይመለሱም' ብለሽው ከሄድሽ በኋላ አንድ ወር ሙሉ አሰበ። ከዚያ ሌላ ጻፈ። ፈልጊው።"

ፈለገች። በግንቦት የተላከ ነበር። "ሳትመለሱ ጻፍኩላችሁ። በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ግን የእናንተ ሽማግሌ ሁለተኛ እንደማይመጣ ልጄ ነግራኛለች። ሰጥቻታለሁ። ስታነብ ምግብ ትረሳለች፤ አስታውሷት።"

"ሳይጠየቅ የሰጠ አባት ሆነ" አሉ አምባው ፊታቸውን አዙረው። "አፍሮ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። ለምን እንደደወልኩልሽስ ታውቂያለሽ? ከመሞቱ በፊት ስልኩ ደብዳቤ ገባ ብሎ ጮኸ፤ የላኪውን ስም ለየሁት፣ ከዚያው አገር ነው። የእሱ ዓይን አያይም፣ የእኔ እንግሊዝኛ ከ'ጉድ ሞርኒንግ' አያልፍም። 'መጥተዋል ወይ?' ይለኛል። 'ልጅህ ትምጣና ታንብብልን' እለዋለሁ። 'መጥተዋል ወይ?' እንዳለ አለፈ።"

ያልተከፈተው ደብዳቤ እዚያው ነበር። ከፈተችው። "ውድ አንለይ፣ 'ሌላ ጊዜ ተመለሱ' ብለውን ነበር። የግንቦቱን ደብዳቤዎንም አልረሳነውም። አዲስ ቦታ ስለተከፈተ ተመልሰናል። ውሳኔዎን እንጠብቃለን።"

ከድንኳኑ ወጣች። ዓኢሻ "የወርቅ!" እያለች ተከተለቻት። አባቷ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከደረሱ በኋላ ግን ወደኋላ ቀረች። ይህን ቃል ሌላ ሰው ሊያደርሰው አይችልም ነበር። የወርቅውሃ ባልደረቀው አፈር ላይ ተደፋች።

"መጥተዋል፣ አባዬ... ሰምተሃል? መጥተዋል!"

አፈር ግን መች ይሰማል! ወላጆቹ ከሰው መለየትን ፈርተው "አንለይ" ብለው ለሰየሙት ሰው መለየትን የመሰለ ዕጣ ማን ጻፈለት? ዕድል ሽማግሌ ልካ ደጃችን ስትቆም፣ ወይ በኩራት ወይ በቂም "ሌላ ጊዜ" እንላታለን። አንዳንዴ ትመለሳለች። ስትመለስ ግን እሺ ሊላት የነበረው ሰው ቤት ውስጥ የለም።

የወርቅውሃ መልሱን የላከችው ሦስት ቀን ደጅ ካስጠናች በኋላ ነው። አንድ ቃልና ከሥሩ አንድ ስም ብቻ ነበር።

"ሰጥቻታለሁ። አንለይ።"